ቆርቆሮው ማንጠባጠብ ሳይጀምር፦ የጣራን ችግር ቀድሞ የመለየት አሠራር

እናቴ ቤት የመኝታ ክፍሉ ኮርኒስ ነሐሴ ላይ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ አልጋው ላይ ተደረመሰ። ደግነቱ እናቴ ያን ሌሊት እህቴ ዘንድ ነበረች። ጠዋት ስንገባ ፍራሹ ላይ ውሃ የጠጣ ቺፑድ፣ የዓመታት አቧራና የወፍ ጎጆ ተከምሮ አገኘን። እኔን ግን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው። በዚያው ዓመት ለፋሲካ ስንሰበሰብ ኮርኒሱ ጥግ ላይ የሻይ ቀለም ያለው ክብ አይቻለሁ። "ያለፈው ክረምት ነው፤ ደርቋል" ብዬ አለፍኩት። ከፋሲካ እስከ ነሐሴ አራት ወር ያህል ጊዜ ነበረኝ፤ ጥቂት ሚስማርና የግማሽ ቀን ሥራ ይበቃው ነበር።

ከዚያ ወዲህ የቤተሰባችንን ቤቶች ጣራ በየዓመቱ እየዞርኩ አያለሁ። የተማርኩት ዋና ነገር ይህ ነው፦ ውሃ ሳፋ ላይ ጠብ እስኪል ድረስ ጣራው ችግሩን ለብዙ ጊዜ ሲያሳየን ይቆያል፤ አብዛኛው ምልክት ደግሞ ከወለልና ከግቢ ሆነው የሚታይ ነው፣ ጣራ ላይ መውጣት አይጠይቅም። የማስረዳው በአገራችን በብዛት ስላለው የቆርቆሮ ጣራ ነው። ግድግዳው ጭቃም ሆነ ብሎኬት አሠራሩ ያው ነው። ለሶሌታ (ጠፍጣፋ የኮንክሪት) ጣራ ወደ መጨረሻው አካባቢ ጥቂት ጨምሬያለሁ።

መቼ ይታያል?

ክረምቱ ሰኔ ላይ ለሚገባበት አካባቢ ትክክለኛው ጊዜ ግንቦት ነው። ከዚያ በፊት ካዩት፣ የበልጉ ዝናብ የሚያሳየውን ምልክት ሳያገኙ ይቀራሉ፤ ከዚያ ካዘገዩት ደግሞ ሠራተኛው ሁሉ ሥራ ይበዛበትና ቆርቆሮው እርጥብ ሆኖ መውጣት አደገኛ ይሆናል። በቦረናና በጉጂ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ስለሆነ እዚያ ያላችሁ የካቲት ላይ ጨርሱት። ሁለተኛው የምርመራ ዙር ዝናቡ እንዳበቃ መስከረም መጨረሻ ላይ ነው።

ጣራው ምን ያህል ሸክም እንደሚያስተናግድ ለማወቅ ቀላል ስሌት አለ፦ አንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 80 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ በክረምቱ 500 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 40,000 ሊትር ይሆናል፤ በ20 ሊትር ጀሪካን ሲሰፈር 2,000 ጀሪካን ማለት ነው። ይህ ሁሉ ውሃ በሚስማር ራሶችና በቆርቆሮ መደራረቢያዎች ላይ ያልፋል። ከዚህ ውስጥ ከመቶ አንዱ እንኳ መንገድ ስቶ ቢገባ 20 ጀሪካን ውሃ ኮርኒሱ ላይ ተደፋ ማለት ነው።

ለምርመራው የሚያስፈልገው የእጅ ባትሪ፣ እርሳስ፣ ሜትር፣ አሮጌ ጠመንጃ መፍቻ፣ ሲባጎ፣ መሰላልና ፎቶ የሚያነሳ ስልክ ነው።

1. ከኮርኒሱ ይጀምሩ

ቤት ውስጥ ከክፍል ክፍል እየዞሩ ቀና ብለው ይመልከቱ። ጠዋት ወይም ወደ ማታ፣ ብርሃን በመስኮት በኩል አግድሞ በሚገባበት ሰዓት ቢሆን ይመረጣል፤ ያበጠውና የረገበው ቦታ ጥላ ስለሚጥል ቶሎ ይታያል።

የውሃ ምልክት መልኩ ይታወቃል፦ መሀሉ ፈዘዝ ያለ፣ ጠርዙ ጠቆር ያለ ቡናማ ክብ ነው። ውሃው ከቺፑዱ፣ ከእንጨቱና ከአቧራው ያሟሟውን ቀለም ይዞ ወደ ዳር ይሰራጫል፤ ሲደርቅ ቀለሙን ጠርዙ ላይ ጥሎት ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ክብ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀለበት ካዩ ቦታው ደጋግሞ ረጥቦ ደጋግሞ ደርቋል ማለት ነው። እኔ ያለፍኩት ክብ ሦስት ቀለበት ነበረው። ያኔ አልገባኝም።

ክቡን ሲያገኙ ዙሪያውን በእርሳስ ያስምሩና ቀኑን ይጻፉበት። ከሚቀጥለው ዝናብ በኋላ ቀለሙ ከእርሳሱ መስመር ካለፈ ፍሳሹ ያለና የሚሠራ ነው፤ ካላለፈ የድሮ ጠባሳ ሊሆን ይችላል። በዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ ከዚህ የእርሳስ መስመር የበለጠ የጠቀመኝ ነገር የለም። "ያለፈው ነው" እና "የዘንድሮ ነው" የሚለውን ክርክር ይዘጋል።

ቀጥሎ ክቡ ከሁለት ግድግዳዎች ምን ያህል እንደሚርቅ ይለኩና ይመዝግቡ። ከኮርኒሱ በላይ ሲወጡ ያንኑ ቦታ የሚያገኙት በዚህ ልኬት ነው።

ከክቡ ሌላ የሚፈለጉ ምልክቶች አሉ። ቺፑድ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሁለቱ ሉሆች የሚገናኙበት መስመር ላይ ጠርዙ ተነስቶ ወይም መጋጠሚያውን የሚሸፍነው ቀጭን እንጨት (ሊስትሮው) ተላቆ ካዩ በእጅዎ ቀስ ብለው ይጫኑት፤ እንደ ደረቀ ዳቦ ከተፈረፈረ ውሃ ገብቶበታል። የኮርኒሱ ሚስማሮች ራስ በቀለሙ ስር የዝገት ነጥብ ካወጣ፣ በላይ በኩል እርጥበት አለ። ጂፕሰም ከሆነ ቀለሙ ይቆረፍዳል፣ ከዚያ ይላጣል። አቡጀዲ የተወጠረበት የድሮ ቤት ከሆነ ጨርቁ ውሃ በያዘበት በኩል ይረግባል፤ ቀለሙም ካርታ ይመስላል። የግድግዳው አናት ከኮርኒሱ ጋር በሚገናኝበት ጥግ ጥቁር ነጠብጣብ ሻጋታ ካለ፣ በተለይ ከአልጋ ወይም ከቁም ሳጥን ጀርባ፣ ያንንም ይመዝግቡ።

አፍንጫዎንም ይጠቀሙ። ተዘግቶ የዋለ ክፍል ሲከፈት የረጠበ ጆንያ ሽታ ከሸተተ ዓይን ያላየው እርጥበት አለ ማለት ነው። ትንሽ፣ ቢጫ፣ በኃይል የሚሸትና ዝናብ ዘነበ አልዘነበ የማይለወጥ ምልክት ግን ብዙ ጊዜ የአይጥ ሽንት ነው።

2. ፍሳሽ ነው ወይስ ላብ?

በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ሰማዩ ጠርቶ ውርጭ በሚወርድበት ሰሞን፣ ጠዋት ላይ ኮርኒስ በሌለው ክፍል ጠብታ ይወርድና ሰው ይደነግጣል። ዝናብ ሳይዘንብ የሚወርድ ጠብታ ከቀዳዳ የመጣ አይደለም። ቆርቆሮ ሌሊት በፍጥነት ይቀዘቅዛል፤ ከእንቅልፍ ትንፋሽና ከማዕድ ቤት እንፋሎት የወጣው እርጥበት ከስሩ ሲነካው ውሃ ይሆናል። የቀዘቀዘ ብርጭቆ ውጭው እንደሚያልበው ነው። እንጀራ የሚጋገርበትና ልብስ የሚቀቀልበት ክፍል ላይ ይበረታል።

መለየቱ አስቸጋሪ አይደለም። ላብ ሰፊ ቦታ ላይ በትናንሽ ጠብታ ይዘረጋል፣ ጎህ ሲቀድ ይበዛል፣ ፀሐይ ቆርቆሮውን ስትመታው ይጠፋል። ፍሳሽ አንድ ቦታ ይይዛል፤ ዝናብ ከዘነበ ከደቂቃዎች ወይም ከሰዓታት በኋላ ይመጣል። መፍትሔያቸውም የተለያየ ነው፦ ላብ የሚፈልገው አየር ማስገቢያ ነው፤ ቀዳዳ ለመድፈን የሚወጣ ገንዘብ ይባክናል። ላብን ግን አይናቁት፤ ዓመት ከዓመት ከቀጠለ ቆርቆሮውን ከውስጥ በኩል ያዝገዋል፣ ቆርቆሮው የሚመታበትን አግዳሚ እንጨት፣ ሞራሌውንም ያበሰብሰዋል።

3. ከኮርኒሱ በላይ ወጥተው ብርሃን ይፈልጉ

ከኮርኒሱ በላይ መውጫ ካለ ፀሐይ ከፍ ባለችበት በቀትር ይውጡ። የሚረግጡት እንጨት ላይ ብቻ ይሁን፤ ቺፑድ ሰው አይሸከምም። ከመውጣትዎ በፊት መብራቱን ከቆጣሪው ላይ ያጥፉ፣ ምክንያቱም በቤታችን አብዛኛው የመብራት ሽቦ የሚያልፈው እዚያ ነው፤ አይጥ የላጠውን ሽቦ በጨለማ መንካት የለብዎትም።

ላይ ሲደርሱ ባትሪውን ያጥፉና ዓይንዎ ጨለማውን እስኪለምድ ለሁለት ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። ከዚያ ቀና ይበሉ። ቆርቆሮው ላይ ቀዳዳ ካለ እንደ ኮከብ ያበራል። እያንዳንዱ ኮከብ ውሃ የሚያስገባ ቀዳዳ ነው። በኖራ ወይም በእርሳስ ቅርብ ባለው ሞራሌ ላይ ምልክት ያድርጉ፤ ፎቶ ያንሱ። በመደራረቢያዎቹ በኩል በመስመር የሚታይ ብርሃን ካለ ደግሞ ሁለቱ ቆርቆሮዎች ተከፋፍተዋል።

አሁን ባትሪውን አብርተው እንጨቱን ይዩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ልናገር፦ ክቡ ያለበት ቦታና ቀዳዳው ያለበት ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። ውሃ በቀዳዳው ገብቶ በሞራሌው ወይም በወራጁ (ከአናት ወደ ታች በተዘቀዘቀው እንጨት) ጎን ተንሸራቶ፣ ሚስማር ወይም ቋጠሮ ሲያጋጥመው ነው የሚንጠባጠበው። እናቴ ቤት ቀዳዳው የተገኘው ከክቡ ወደ ሁለት ሜትር ተኩል ከፍ ብሎ ነው። ስለዚህ ከለካችሁት ቦታ ተነስታችሁ ወደ ጣራው ከፍተኛ ክፍል የውሃውን ዱካ ተከተሉ። ዱካው እንጨቱ ላይ ጠቆር ያለ መስመር፣ አቧራው የታጠበበት ጎዳና ወይም ነጭ የጨው ቅሪት ሆኖ ይታያል።

እንጨቱ ራሱ ጤነኛ ነው ወይ? በጠመንጃ መፍቻው ጫፍ ወጋ ያድርጉት። ጤነኛ እንጨት ይመልሰዋል፤ የበሰበሰው ያስገባዋል። ልዩ ትኩረት የሚሻው እንጨቱ ግድግዳው ላይ የሚያርፍበት ጫፍ ነው፤ ውሃ እዚያ ይጠራቀማል። የባህር ዛፍ እንጨት ላይ ትናንሽ ክብ ቀዳዳዎችና ከስራቸው እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ ካዩ እንጨቱ ነቅዟል። ብናኙን ጠርገው ከሳምንት በኋላ ተመልሰው ይዩ፤ አዲስ ዱቄት ከተከመረ ተባዩ አሁንም እየበላ ነው። ምስጥ ደግሞ በግድግዳው ላይ የጭቃ ቱቦ ሠርቶ ነው ከመሬት የሚወጣው። ቱቦውን መስበር ብቻውን አይጠቅምም፤ በሁለት ቀን መልሶ ከጠገነው መንጋው አለ። የእርጥበት ችግር ያለበት ጣራ ለምስጥ የተመቸ ስለሆነ ሁለቱን ለየብቻ አያክሟቸው።

4. ጣራውን ያዳምጡት

ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ቆርቆሮ "ቋ፣ ቋ" ይላል። ይህ ጤና ነው። ስድስት ሜትር ቆርቆሮ ከቀትር ሙቀት ወደ ሌሊት ብርድ በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ያጥራል፤ ድምፁ የዚያ እንቅስቃሴ ነው። ግን በየቀኑ የሚደረገው ይኸው መለጠጥና መኮማተር ሚስማሩን ቀስ በቀስ እየነቀለ ያወጣዋል። በደጋው፣ ቀኑ ሙቅ ሌሊቱ ቀዝቃዛ በሆነበት አገር፣ ሚስማር የሚላላው በዚህ ነው።

ነፋስ ሲነፍስ የሚርገበገብና የሚንኳኳ ድምፅ ከሰሙ ግን ልዩ ነገር ነው። ከየትኛው ክፍል በላይ እንደሆነ ይለዩት። ያ ጠርዝ ላልቷል፤ የሚያዝያ ወይም የሰኔ ነጎድጓዳማ ነፋስ ከስሩ ከገባ ቆርቆሮውን ገልብጦ ይወስደዋል። ቆርቆሮ በተገነጠለበት ቤት ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የተነሳው አንድ ጠርዝ ነው።

5. ከግቢ ሆነው ይመልከቱ

ወደ ግቢው ዳር፣ ከተቻለም ወደ ጎረቤት ደጃፍ ይራቁና የጣራውን አናት መስመር ይዩ። ቀጥ ማለት አለበት። መሀሉ ላይ ሰርጎድ ያለ ከመሰለዎት ክንድዎን ዘርግተው ሲባጎ ወጥረው ከመስመሩ ጋር ያስተያዩት። ሰርጎድ ማለት ከስሩ ያለው እንጨት ደክሟል፣ ተሰብሯል ወይም መጀመሪያውኑ ተራርቆ ተሠርቷል። ሮቶ ወይም የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ጣራ ላይ ከተጫነ ይህን ቼክ ሁለት ጊዜ ያድርጉ፦ 1,000 ሊትር ውሃ የያዘ ሮቶ አንድ ቶን ይከብዳል፤ ለቆርቆሮ ተብሎ የተሠራ እንጨት ይህን አይችልም።

ዝገቱን በቀለሙ ያንብቡት። ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠ ብረት ነው፤ ዚንኩ ቀድሞ እየተበላ ብረቱን ይጠብቃል። ብርማ መልኩ ደብዝዞ ነጭ ዱቄት መሰል ነገር ሲያወጣ ዚንኩ እያለቀ ነው፤ በዚህ ደረጃ ታጥቦ ፀረ ዝገት ቀለም ቢቀባ ብዙ ዓመት ይጨምራል። ቀይ ሲሆን ብረቱ መበላት ጀምሯል። ቀዩ ጠቁሮ በጣት ሲነካ የሚቀረፍ ከሆነ ቀለም አያድነውም፤ ያ ሉህ ይቀየራል። ቆርቆሮ ሲገዙ ጌጁን (የውፍረቱን ቁጥር) ይጠይቁ፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቆርቆሮው እየሳሳ ይሄዳል፣ 35 ጌጅ ከ28 ጌጅ እጅግ የሳሳ ነው። የሳሳው ዋጋው ስለሚረክስ ይወደዳል፤ ለሚኖሩበት ቤት ግን እኔ አልመክርም።

ጣራው ላይ የተጫነውንም ይዩ። ነፋስ እንዳይወስደው ተብሎ ድንጋይ፣ አሮጌ ጎማና ግንድ የሚጫንበት ቤት ብዙ ነው። ድንጋዩ ዚንኩን ይፍቃል፤ ከስሩ ያለው እርጥበት ሳይደርቅ ይከርማል። ዝገቱ የሚጀምረው እዚያው ድንጋዩ ስር ነው። የባህር ዛፍና የጽድ ቅጠል ክምር፣ ከግንባታ የተረፈ የሲሚንቶ ፍርፋሪ፣ የልጆች ኳስ፣ አሮጌ ጫማ ሁሉም እንደዚያው ናቸው። ይነሱ።

ከዚያ ዓይንዎን ዝቅ አድርገው የግድግዳውን ግርጌ ይዩ። የጣራው ጠፈጠፍ የሚወርድበት መስመር ከግድግዳው ራቅ ብሎ መሬቱን ቦረቦረ ከሆነ አሸንዳ ባይኖርም ክዳኑ በቂ ወጣ ያለ ነው። ጭቃው ወይም ልስኑ እስከ ጉልበት ከፍታ ድረስ ተረጭቶ ከቆሸሸ፣ ካበጠ ወይም ከረገፈ ውሃው ግድግዳውን እየበላው ነው። ለጭቃ ቤት ይህ ከኮርኒስ ፍሳሽ ይብሳል፤ ግርጌው የራሰ የጭቃ ግድግዳ እንጨቱ ከመሬት ጋር በሚገናኝበት በኩል ይበሰብስና ቤቱ ያዘነብላል።

አሸንዳውን ለመፈተሽ ባልዲ ውሃ ከወደ ላይኛው ጫፍ ያፍስሱ። ውሃው ወደ መውረጃው ሳይቋረጥ መሄድ አለበት። መሀል ላይ ኩሬ ሠርቶ ከቀረ ረግቧል፤ ለየ3 ሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ማዘቅዘቅ ይበቃዋል። ከአሸንዳው ጀርባ ባለው እንጨት ላይ ጥቁር የውሃ ዱካ ከታየ ውሃው ወደ ውስጥ እየሞላ ነው፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ቅጠል ነው።

6. ጣራ ላይ ከወጡ

እስካሁን ያየነው ከበቃዎት አይውጡ። መውጣት ካለብዎ ጣራው የደረቀ፣ ነፋስ የሌለበት ቀን ይሁን፤ ብቻዎን አይሁኑ። መሰላሉ በአራት ሜትር ከፍታ ግርጌው ከግድግዳው አንድ ሜትር ይራቅ፣ አናቱ ከጣራው ጠርዝ አንድ ሜትር ያህል ይለፍ፣ አንድ ሰው ከታች ይያዘው። ወደ ቤቱ የሚገባው የመብራት መስመር ያለበትን ጎን ይሽሹ።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ ቆርቆሮውን ወይም አሸንዳውን ሲነኩ ትንሽም ቢሆን ከነዘረዎት ወዲያውኑ ይውረዱ፣ መብራቱን ከቆጣሪው ያጥፉ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይጥሩ። የተላጠ ሽቦ ቆርቆሮውን ነክቷል ማለት ነው። ዝናብ ሲመጣ ያው ጣራ ሰው ይገድላል።

የሚረግጡት የሚስማር ረድፍ ላይ ነው፤ ከሱ ስር ሞራሌ አለ። በሁለት ረድፍ መሀል ከረገጡ ቆርቆሮው ይሰረጉዳል፣ የተሰረጎደው ቦታ ውሃ ያቁራል። ብርሃን እንዲያስገባ የተደረገውን የፕላስቲክ ቆርቆሮ ግን በምንም ዓይነት አይርገጡ። ፀሐይ ስታደርቀው እንደ ብስኩት ይሰበራል፤ በረዶ ከጣለ በኋላም መጀመሪያ የሚፈተሸው እሱ ነው።

ከዚያ ሚስማሮቹን ረድፍ በረድፍ ይዩ። ለተለመደው ሞገድ ቆርቆሮ ሚስማሩ የሚመታው ጉብታው ላይ ነው። ቦዩ ውስጥ የተመታ ሚስማር ካገኙ የውሃ መንገድ ላይ ቆሟል፤ ዛሬ ባያፈስ ነገ ያፈሳል። ራሱ ከቆርቆሮው ከፍ ያለ፣ በእጅ ሲነካ የሚዞር፣ ጎማው የተሰነጠቀ ወይም የጠፋ ሁሉ ምልክት ይደረግበት። የወጣ ሚስማርን መልሶ በመዶሻ መምታት ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው፤ ቀዳዳው ስለሰፋ በዓመቱ ይመለሳል። ነቅሎ ወፈርና ረዘም ባለ፣ አዲስ ጎማ ባለው ሚስማር ወይም ብሎን መተካት ነው የሚያዋጣው።

መደራረቢያዎቹን ይለኩ። ከላይ ወደ ታች ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር መደራረብ አለባቸው፤ ጣራው ለጥ ያለ ከሆነ 20 ይሁን። በጎን ቢያንስ አንድ ተኩል ሞገድ። ሁለቱ የጣራ ክንፎች አናት ላይ የሚገናኙበትን የሚሸፍነው ቆብ ጠርዙ ተነስቶ እንደሆነ በእጅዎ ዳስሰው ያረጋግጡ።

ፍሳሽ በብዛት የሚገኘው ግን ሜዳው ላይ ሳይሆን ጣራው ሌላ ነገር በሚያገኝበት ቦታ ነው። ሰርቪስ ቤት ከዋናው ቤት ጋር ተጠግቶ ሲሠራ በሁለቱ ጣራ መካከል የሚቀመጠው አሸንዳ፣ ጣራው ከጎረቤት የብሎኬት ግድግዳ ጋር የሚነካካበት መስመር፣ የጭስ ማውጫው ዙሪያ። እዚያ ያለው የሲሚንቶ ልጥፍ መሰንጠቁ አይቀርም፤ ቆርቆሮው በየቀኑ ይንቀሳቀሳል፣ ሲሚንቶው አይንቀሳቀስም። ዲሽ የተተከለበትን ቦታም አይርሱ። ዲሽ ሊያስተካክል የወጣ ሰው ረግጦት የሄደውን መንገድ በተሰረጎዱት ጉብታዎች ማወቅ ይቻላል። ዲሽ ሲያስተክሉ ግድግዳ ላይ ወይም ግቢ ውስጥ ባለ ቋሚ ላይ ይሁን ብለው ይጠይቁ።

7. ቀዳዳው አልገኝ ካለ በውሃ ይፈትሹ

ምልክቱ እያለ ቀዳዳው ካልታየ ሁለት ሰው ሆነው በውሃ ይፈልጉት። አንዱ ባትሪ ይዞ ከኮርኒሱ በላይ ወይም ክፍሉ ውስጥ ይቀመጥ፤ ሌላው መሰላል ላይ ሆኖ በጎማ ወይም በጆግ ውሃ ያፍስስ። ከታች፣ ከጠርዙ ይጀመር፤ አንድ ቦታ ላይ አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ ከዚያ አንድ እርምጃ ከፍ ይባል። ከላይ ከጀመሩ ውሃው ሁሉንም ቦታ አርሶ ስለሚወርድ የቱ እንዳፈሰሰ አይታወቅም። ውስጥ ያለው ሰው ጠብታ ሲያይ በስልክ ይጮኻል፤ ያኔ ውሃው ያለበት ቦታ ይመዘገባል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ከሆኑ ልብስ የታጠበበት ውሃም ይሆናል። የመብራት ዕቃ ባለበት በኩል መብራቱ ይጥፋ።

ሶሌታ ጣራ ላላችሁ

ከዝናብ በኋላ ወጥታችሁ ኩሬ የሚሠራበትን ቦታ በኖራ አክብቡ። ከሁለት ቀን በኋላም ያልደረቀ ኩሬ ካለ ማዘቅዘቂያው ተበላሽቷል። የውሃ መውጫዎቹ አፍ፣ የዳር ግድግዳው ግርጌና የሮቶው እግር ዙሪያ ቀድመው ይሰነጠቃሉ። ከስር ሲታይ ኮርኒሱ ላይ ነጭ ጨው ከወጣ ወይም የዝገት መስመር ከታየ ውሃ ብረቱ ጋ ደርሷል፤ እዚህ ላይ መሐንዲስ እንጂ ቀለም ቀቢ አይጠራም።

8. የቱ ይቅደም?

የነዘረ ቆርቆሮ፣ ከመብራት ዕቃ አጠገብ የሚወርድ ውሃና የረገበ ኮርኒስ ለነገ አይባሉም። ኮርኒሱ ውሃ ይዞ ካበጠ መብራቱን አጥፍተው፣ አልጋና ዕቃ አንስተው፣ ከስሩ ሳፋ አድርገው፣ ወደ ጎን ቆመው ዝቅ ያለውን ቦታ በረጅም እንጨት ይብሱት። ውሃው በዚያ ይወርዳል፤ ኮርኒሱ ከነሙሉ ክብደቱ ከመደርመስ ይድናል።

የተነሳ ጠርዝ፣ የበሰበሰ ሞራሌና የሰረጎደ አናት ሰኔ ሳይገባ ይሠሩ። የላላ ሚስማርና የጎማ ቅያሪም ከዚያው ጋር ቢሄድ ይመረጣል፤ ሠራተኛው አንዴ ከወጣ ጥቂት ሚስማር መጨመር ዋጋው ትንሽ ነው። ነጭ ዱቄት ያወጣ ዚንክ እስከሚቀጥለው በጋ መቆየት ይችላል።

ሠራተኛ ሲጠሩ ፎቶውን፣ ልኬቱንና የብርሃን ምልክቶቹን ያሳዩት፤ ወሬው አጭር ይሆናል፣ ዋጋውም ከሥራው ጋር ይመጣጠናል። ሬንጅ ብቻ ቀብቶ ልሂድ ካለዎት ለስንት ጊዜ እንደሆነ ይጠይቁት። ሬንጅ ለአንድ ክረምት ጊዜያዊ መሸፈኛ ይሆናል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ የገባው ውሃ ደግሞ መውጫ ያጣል። ከቆርቆሮው ስር ላስቲክ ማንጠፍም ያው ነው፤ ጠብታውን ይሰውርና እንጨቱን በድብቅ ያበሰብሳል። የነቀላቸውን ሚስማሮች እንዲያስረክብዎት ይጠይቁ፤ የተቀየረው ስንት እንደሆነ በእጅዎ ይቆጥራሉ። ተከራይ ከሆኑ ፎቶውን ከነቀኑ ለአከራይዎ አስቀድመው ይስጡ።

9. መስከረም ላይ

ዝናቡ ካበቃ በኋላ የእርሳስ መስመሮቹን አንድ በአንድ ይመልከቱ። ቀለሙ ያለፈበት መስመር ካለ በአዲስ ቀን እንደገና ያስምሩና ከላይ ወደ ተራ ቁጥር 3 ይመለሱ። አሸንዳውን ይጥረጉ፤ የክረምቱ ቅጠል እዚያው ከቆየ በበጋው ውስጥ አፈር ሆኖ ሣር ያበቅላል። መስመሩን ያላለፈውን ክብ ቀለም መቀባት ይቻላል፤ ነገር ግን በቀጥታ የውሃ ቀለም ከቀቡት ቡናማው በሳምንት ተመልሶ ይወጣል። በመጀመሪያ የዘይት ቀለም አንድ እጅ ይቀቡና ይድረቅ፣ ከዚያ የክፍሉ ቀለም ይከተላል። ከመቀባትዎ በፊት የክቡን ልኬት፣ ቀኑንና የተሠራውን ሥራ አንድ ወረቀት ላይ ጽፈው ከቤቱ ካርታ ጋር ያስቀምጡ።